ርካሽ ቤንዚን የት አለ ላልከኝ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ። ሳቅክ አይደል? ሁለታችንም እንዲህ ተጠፋፍተን ከርመን በ«ሃይ፣ አለህ?» መጀመር ደበረኝ። ደግ ደጉን የድሮ ሰላምታ አወጣሁልህ።

እህትህን ሰሞኑን ፒያሳ አገኘኋት። አንተ ለሰርጓ ልትመጣ ነው አሉ። ከጥምቀት በፊት ትገባለህ፣ የወንድምህን ቪትዝም ራስህ ልትነዳ ነው። «አዲስ አበባ ላይ ርካሽ ቤንዚን የሚያሳይ አፕ የትኛው እንደሆነ ጠይቂልኝ ብሏል» ስትለኝ መንገድ ላይ ቆሜ ሳቅሁ። አልፈርድብህም። አንተ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብለህ ጋዝባዲ የሚባለውን አፕ ትከፍታለህ፤ የቱ ማደያ በጋሎን ስንት ሳንቲም እንደሚቀንስ አይተህ ትመርጣለህ። ጉግል ማፕም ዋጋውን ከማደያው ስም ጋር ያሳይሃል። ታክሱ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ፣ ቨርጂኒያ የሄድክ ቀን ከሜሪላንድ ይሻላል ብለህ እዚያ ሞልተህ እንደምትመለስ አንዴ ነግረኸኛል።

እዚህ ዋጋ የሚተምነው መንግሥት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቶታል ግባ፣ ኖክ ግባ፣ የሊትሩ ዋጋ አንድ ነው። በ2017 የቤንዚን ሊትር ከ100 ብር ሲያልፍም ሁሉም ጋ እኩል ነው ያለፈው። ሊጨምር ነው የሚል ወሬ የተሰማ ማታ ታዲያ ሰልፉን ማየት ነው! ስለዚህ ርካሽ ማደያ ፍለጋ አትልፋ። እኛ የምንፈልገው ቤንዚን ያለበትን ማደያ ነው።

ካርታው እዚህ ላይ ብዙም አያግዝህም። «ነዳጅ ማደያ» ብለህ ስትፈልግ ሰፈሩ ሁሉ ነጥብ በነጥብ ይሆንልሃል። ከስሩም «ክፍት ነው» ይልሃል። ውሸቱን አይደለም፣ ማደያው ክፍት ነው። አንድ ቀን እንዲህ ብሎ የወሰደኝ ማደያ ስደርስ ጥበቃው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። መቅጃው ላይ ካርቶን ተንጠልጥሏል፣ በእስክሪብቶ «ቤንዚን የለም» ተብሎ ተጽፎበታል። ከስሩ ሌላ ሰው በሌላ ቀለም «ናፍጣም» ብሎ ጨምሮበታል። «መቼ ይገባል?» አልኩት ጥበቃውን። «ቦቴው መንገድ ላይ ነው» አለኝ። መንገድ ላይ ማለት እንግዲህ ከጅቡቲ እስከ ቃሊቲ የትም ሊሆን ይችላል።

ቦቴ የት እንደገባ የሚያውቁት የራይድና የፈረስ ታክሲ ሾፌሮች ናቸው። እንጀራቸው ስለሆነ በቴሌግራም ይነጋገራሉ፤ «እንትን ጋ ገብቷል፣ ሰልፉ አጭር ነው» ይባባላሉ። ስትመጣ ከአንዱ ጋር አስተዋውቅሃለሁ። ከአፕ ሁሉ እሱ ይሻልሃል። ደግሞ በጠዋት ውጣ። ጎህ ሳይቀድ የተሰለፈና ረፋድ ላይ የተሰለፈ እኩል አይደሉም።

ካሽ ይዘህ ደግሞ እንዳትሰለፍ። ከ2015 ወዲህ የነዳጅ ክፍያ በስልክ ሆኗል፣ በቴሌብር ወይም በባንክ አፕ። እንደደረስክ ሲም አውጣና ገንዘብ አስገባበት። የሚስጥር ቁጥርህንም በቃልህ ያዝ። በቀደም ከፊቴ የነበረ ሰውዬ ተራው ደርሶ ቁጥሩ ጠፋበት። ሚስቱ ጋ ደወለ፣ ስፒከር ላይ አደረጋት፣ ሰልፉ በሙሉ ቁጥሩን ሰማ። ቀጂዋ እየሳቀች «ጋሼ፣ ዛሬውኑ ይቀይሩት» አለችው። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚቸረቸረውን ግን አደራ እንዳትነካ። ሕገወጥ ነው፣ ውድ ነው፣ ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅም።

የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪኩ በዝቷል። ጎረቤታችን አንድ ገዝቶ ሰልፋችንን ባለፈ ቁጥር ጡሩምባ ይነፋብናል። ሰላምታ ነው ይላል።

አሁን ወደ መንገዱ ልግባ። ቤንዚን የምትቆጥበው እዚህ ላይ ነው። ካርታውም እዚህ ላይ ጎበዝ ነው። ቀዩ መስመር የሚመጣው መንገዱ ላይ ካሉት ሰዎች ስልክ ስለሆነ፣ መስቀል አደባባይ መቆለፉን ሳትደርስበት ታየዋለህ። ጠዋት ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሳታየው አትውጣ። የማይነግርህ ነገር ግን አለ። ከለገሃር ፒያሳ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወጥተህ ማዘጋጃ ቤት ጋ ብቅ ማለት ስክሪኑ ላይ አጭር ነው። እግርህ እንደሚያስታውሰው ግን ዳገት ነው። ዳገት ላይ ቆም ቀጠል እያልክ ቪትዟ ስታቃስት የነዳጁ መርፌ ዓይንህ እያየ ይወርዳል። አምስት ደቂቃ ቆይተህ ቀዩ ሲቀልል ብትነሳ ይሻልሃል። አንድ ማኪያቶ ጠጣበት።

ባቡሩ ደግሞ አለ። አንተ ስትሄድ ገና እየተቆፈረ ነበር፣ በ2008 መስከረም ላይ ሥራ ጀመረ። ከኡራኤል ወደ መገናኛ ስትሄድ መንገዱን መሃል ለመሃል ከፍሎታል። የምትፈልገው ሕንፃ በግራህ ፊት ለፊት ይታይሃል፣ ታፔላውን ሁሉ ታነበዋለህ። በመሃል ግን ሐዲዱና አጥሩ አለ። ማዞሪያ እስክታገኝ ሄደህ ዞረህ ትመለሳለህ። ስለዚህ እዚያ መስመር ላይ «ደርሰሃል» እስኪልህ አትጠብቅ፤ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ሳትነሳ ደውለህ ጠይቅ።

ፒያሳን ደግሞ አታውቃትም። በ2016 ኮሪደር ልማት ሲጀመር ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። ካዛንቺስም በ2017 ብዙው ሄደ። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ወጥቶለታል፣ ማታ መብራቱ ሌላ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ስትመጣ ቁጭ ብለን እናወራለን፣ በደብዳቤ አያልቅም። ለሹፌር የሚቸግረው ሌላ ነው። ካርታው አንዳንዴ የፈረሰ ሥጋ ቤት «ክፍት ነው» ይልሃል። ሰዉም «ዶሮ ማነቂያ የነበረበት ጋ ታጠፍ» ይልሃል፣ አንተ ደግሞ ዙሪያህን ብታይ ባዶ።

አድራሻ በሎኬሽን ሆኗል፤ ሁሉም «ላክልኝ» ይላል። ከዚያ ሾፌሩ ይደውልና «እሺ፣ ምን አጠገብ ነህ?» ይላል። ነጥቡ ከሕንፃው ጀርባ ወይም ከጎረቤት ግቢ ላይ ይወድቃላ። የእናትህ ቤትም እንደዚያው ነው። ካርታው በላይኛው በኩል ሊያስገባህ ይሞክራል፣ ያ መንገድ መጨረሻው ደረጃ ነው። በታች በኮብልስቶኑ ግባ። ከጠፋህ ሊስትሮ ጠይቅ። መቼም ያሳይሃል፣ ቦታም ሰውም ያውቃል። ስልኩ «አፍሪካ ጎዳና» ቢልህም ግራ አይግባህ፤ ያው ቦሌ መንገድ ነው።

የምትመጣበት ሰሞን ደግሞ የመንገድ መዘጋት ሰሞን ነው። ጥር 10 ከተራ ነው። ታቦታቱ ወደ ጃን ሜዳ ሲሄዱ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ በመኪና አይታሰብም። ካርታው ይህን ካልሰማ «ቀጥ ብለህ ሂድ» ይልሃል፣ ቀጥ ብሎ ደግሞ ሕዝቡ እልል እያለ ነው። እስከ የካቲት ከቆየህ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ አለ። ያን ሰሞን ከቦሌ እስከ ሜክሲኮ ያለው መንገድ ይዘጋል ይከፈታል። ትራፊክ ፖሊስ የሚዘጉትን መንገዶች ቀደም ብሎ ያሳውቃል። እሱን አንብብና ውጣ።

ሳትነሳ የአዲስ አበባን ካርታ በቤትህ ዋይፋይ አውርደው። ዳታ ባይኖርህም መንገድ ያሳይሃል። የትራፊኩን ቀለም ግን አያሳይህም።

የምትገባበትን ቀንና ሰዓት ጻፍልኝ፣ በፈረንጅ ይሁን በእኛ አቆጣጠር ለይተህ። ቪትዟን አስሞልቼ ቦሌ እጠብቅሃለሁ። ስትመጣ ጠንካራ የመኪና ስልክ መያዣ አምጣልኝ፤ የእኔው ዳገት ላይ እየወደቀ አስቸግሮኛል።

የማይረሳህ ጓደኛህ፣
ከአራት ኪሎ