እንክብሉን ከመግዛታችን በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አንጀትን ከመቆጣት እንደሚከላከሉ የሚያትተው ጽሑፍ በጤና ዓምዳችሁ ከወጣ ወዲህ፣ ደብረ ብርሃን በምሠራበት መድኃኒት ቤት «የባክቴሪያው እንክብል አላችሁ?» የሚል ደንበኛ በዝቷል። ጽሑፉ ሐሰት የለበትም። ሆኖም ሳይንሱ ካለበት ቀድሞ ሮጧል፤ እኛ ዘንድ ዋና የሆነውን ጉዳይም ሳይነካ አልፎታል።

ነገሩ መሠረት እንዳለው አልክድም። ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ኒስለ እ.ኤ.አ. በ1917፣ ጓዶቹ በተቅማጥ ሲወድቁ እሱ ግን ደህና ከነበረ ወታደር ሰገራ አንድ የኢ. ኮላይ ዝርያ ለየ። ይኸው ዝርያ ከብዙ ዓመታት በኋላ በትልቁ አንጀት ቁስለት ሕሙማን ላይ ሲሞከር፣ በሽታው እንዳያገረሽ በመከላከል ረገድ ሜሳላዚን ከተባለው የተለመደ መድኃኒት የማይተናነስ ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች፣ ክሮንስ ለሚባለው የአንጀት ሕመም ቀዶ ሕክምና ካደረጉት መካከል ፌካሊባክቴሪየም የተባለው ባክቴሪያ ባነሰባቸው ላይ ሕመሙ ይበልጥ እንደሚመለስ አሳዩ። ይህ ባክቴሪያ ሆድ ሊፈጨው ካልቻለው የእህል አሰር ቡቲሬት የተባለ ንጥረ ነገር ይሠራል። የትልቁ አንጀት ሽፋን ሕዋሳት የሚመገቡት በዋናነት እሱን ነው፤ መቆጣቱንም ያበርዳል። ችግሩ ባክቴሪያው ኦክስጅን ሲያገኘው ይሞታል፤ አሽጎ መሸጥ ቀላል አይደለም። መደርደሪያችን ላይ ያሉት እንክብሎች የያዙት ሌላ ዘር ነው። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለሁለቱም ሕመሞች እንዲህ ያሉ እንክብሎች ከጥናት ውጭ እንዳይሰጡ መክሯል። ብዙዎቹ ማቀዝቀዣ ይፈልጋሉ። ደብረ ብርሃን ላይስ ብርዱ ራሱ ያግዘናል፤ ቆላው ሸዋሮቢት ሲወርዱ ምን ሊተርፋቸው ነው?

አሁን ወደ እኛ ጉዳይ ልምጣ። በገበያ ቀን ከገጠር የመጡ አባት ከጋቢያቸው ሥር ባዶ የመድኃኒት ማሸጊያ አውጥተው «ልጄ፣ ይህንኑ ድገሚልኝ» ይሉኛል። ማሸጊያው ብዙ ጊዜ የሜትሮኒዳዞል ነው፤ አንዳንዴም ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት። ሆድ በቆረጠ ቁጥር ፍርዱ «አሜባ ነው» ነው። አሜባ ሲሆን ሜትሮኒዳዞል ሁነኛ መድኃኒት ነው። ነገር ግን የሚገድለው አሜባን ብቻ ሳይሆን ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ባክቴሪያዎችንም ነው፤ ጠባቂዎቻችን አብዛኞቹ ደግሞ እነዚህ ናቸው። ሰገራ ሳይመረመር በየጊዜው ሲዋጥ አንጀትን ያራቁታል። «የሐኪም ማዘዣ ያምጡ» ብዬ የመለስኳቸው ሰው ከመንገዱ ማዶ ሲገዙ በመስኮት አያለሁ። ከዚያ በኋላ የጠፋውን ባክቴሪያ በውድ እንክብል እንተካ ማለት ያናድደኛል።

ባክቴሪያዎቹ የሚበሉትም ያስፈልጋቸዋል። የመንዝና የጣርማበር ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር ሞልቶታል፤ በሶውም ቆሎውም ያው ነው። የጾሙ ባቄላ፣ ምስርና አተርም አሰር አላቸው። ከተማችን ግን ቁርሱንም መክሰሱንም ለፉርኖ ዳቦ ሰጥቷል።

«እንጀራ ስለሚቦካ ባክቴሪያውን እናገኘዋለን» የሚሉኝም አሉ። በሊጡ ውስጥ የነበረው ምጣድ ላይ ያልቃል፤ የጤፉ አሰር ግን ይቀራል። እርጎ ሕያው ባክቴሪያ አለው። ከጥሬ ወተት ሲሠራ ግን ብሩሴላ የተባለውን ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ ባክቴሪያና የከብት ቲቢ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ወተቱን አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ከዚያ በእርጎ እርሾ ማርጋት ይሻላል። ዕቃውን በወይራ ማጠን መልካም ልማድ ነው፤ የማፍላቱን ቦታ ግን አይተካም።

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ለሳምንታት የቆየበት ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው እርጎም እንክብልም ሳይሞክር ወደ ሐኪም ይሂድ። የአንጀት ቲቢና ካንሰርም በዚሁ መልክ ሊመጡ ይችላሉ።

በሚቀጥለው ዕትም አንድ የአንጀት ሐኪም ጠይቃችሁ፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አንጀትን ምን እንደሚያደርገው ብታስነብቡን፣ ቆርጬ ባንኮኒዬ መስታወት ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ፋርማሲስት
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ