ጭራ ራስ ያበቀለበት ዓመት፦ የሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ የሠራውን በኩራት እጽፋለሁ። መስከረም ላይ አባላት ተመዘገቡ፣ ኃላፊዎች ተመረጡ፣ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ተሰበሰብን፣ በሰልፍና በሚኒ ሚዲያ የሚጠበቅብንንም አቀረብን። ዝርዝሩ በቃለ ጉባኤ መዝገባችን ይገኛል። የተቀረውን ዓመት የወሰደብን አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ያነሳው ጥያቄ ነው፦ እንሽላሊት የተቆረጠባት ጭራ እንጂ እግር እንዳልሆነ ቁስሏ በምን ያውቃል?

እንሽላሊት ይዘን መቁረጥ አልፈለግንም። ለዚያውም ጭራዋ ተመልሶ ሲበቅል እንደ ቀድሞው ሙሉ አይሆንም፤ በአከርካሪ አጥንቶቹ ፋንታ የለምለም አጥንት ቱቦ ነው የሚተካው። ስለዚህ ፕላናሪያ የተባለውን ጠፍጣፋ የውሃ ትል መረጥን። ይህ ትል ብዙ ጊዜ የሚራባው ራሱን ለሁለት በጥሶ ስለሆነ፣ «እንስሳ ታሰቃያላችሁ» ላሉን ወላጆች መልሳችን ይኸው ነው።

ጥር ላይ አንድ ቅዳሜ ጥሬ ጉበት በክር አስረን ወጣን። ከተማችን ደሴ ውስጥ ከሚያልፈው የቦርከና ውሃ አንድም አላገኘንም፤ ፕላናሪያ የተበከለ ውሃ አይችልም። ወደ ጦሳ ተራራ ሥር ወጥተን ከምንጩ ድንጋዮች ሥር ጉበቱን አስቀምጠን ቆይተን ስንስበው፣ ከጥፍር የሚያንሱ ጠቆር ያሉ ትሎች ተለጥፈውበታል። «አልቅት ነው!» ብለው የሸሹ ነበሩ። በማጉያ መነጽር ሁለቱን ሸውራራ ዓይኖች ሲያዩ ግን የሸሹትም ተመለሱ። ከጣና ሐይቅ የተገኘ አንድ የፕላናሪያ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2002 ዱጌዚያ ኤትዮፒካ ተብሎ በአገራችን ስም ተሰይሟል። የጦሳዎቹን ዝርያ ለመለየት ግን ደህና ማይክሮስኮፕ ይጠይቃል፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

ትሎቹን በምላጭ ለሦስት ቆረጥናቸው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን እንዳይጎዳቸው ልጆቹ የምንጭ ውሃ በጄሪካን ያመላልሱ ነበር። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ የጭራው ቁራጭ ደረሳት። በክበቡ ስብሰባ ላይ ድምፅዋን ሰምተን አናውቅም። በየጠዋቱ ከሰልፍ በፊት መጥታ ታየዋለች፣ ትስለዋለች። በሁለተኛው ሳምንት ከቁስሉ ጫፍ በወጣው ነጣ ያለ ሥጋ ላይ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ታዩ። የስልክ መብራት ስታበራበት ትሉ ዞሮ ሄደ። «ወላሂ ቲቸር፣ ሸሸኝ!» ብላ ስትጮኽ ከአጠገቡ ክፍል ያሉት ሁሉ መጡ። ትናንት ጭራ ብቻ የነበረ ነገር ብርሃን አይቶ ይሸሻል። በመምህርነት ዘመኔ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ ምክንያቱን ሳናውቅ አንላቀቅም አሉኝ። የፕላናሪያ አካል ኒዮብላስት በሚባሉ ግንደ ህዋሳት፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ መለወጥ በሚችሉ ህዋሳት፣ የተሞላ ነው። ቁስል ሲደርስ እነዚህ ተባዝተው ብላስቴማ የተባለውን አዲስ ሥጋ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች በጨረር ኒዮብላስቶቹ ሁሉ በጠፉበትና ሊሞት በተቃረበ ትል ውስጥ አንዲት ኒዮብላስት ብቻ አስገቡ፤ ያቺ አንዷ ተባዝታ ትሉን አዳነችው። ራስ ወይስ ጭራ የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ዊንት የተባለ የፕሮቲን መልእክት ነው። መልእክቱ ወደ ጭራ በኩል ይበረታል። ወደ ፊት በሚያይ ቁስል ላይ ኖተም የተባለው ዘረ-መል ተነሥቶ ዊንትን ያፍነዋል፣ ራስም ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የዊንትን መልእክት በህዋስ ውስጥ የሚያደርሰውን ቤታ-ካቴኒን የተባለ ፕሮቲን ተመራማሪዎች ዝም ባሰኙት ጊዜ በጭራው ቦታ ሁለተኛ ራስ በቀለ። እነዚህን የቦታ ምልክቶች በብዛት የሚያመነጩት የጡንቻ ህዋሳት ናቸው። ያቺው ተማሪ ይህን በጥቁር ሰሌዳ ስታስረዳ «ሥጋው አድራሻ አለው» አለች። የጠያቂው ልጅ መልስ ይኸው ነው፤ ቢያንስ ለፕላናሪያ።

«ለማትሪክ ምን ይረባል?» ያሉን አሉ። ህዋስ፣ ዘረ-መልና ፕሮቲን ከፈተናው ውጭ ናቸው እንዴ? ልጆቹ አሁን የሜክሲኮዋ የውሃ እንስሳ አክሶሎትል እግሯን ከነአጥንቱ መልሳ እንደምታበቅል፣ የሰው ልጅ ግን ከጉበቱና ከጣቱ ጫፍ እምብዛም እንደማያልፍ ያውቃሉ፤ ለምን እንደሆነም ይከራከራሉ።

ያልተሳካም አለ። በፈተና ሰሞን ቤተ ሙከራው ለሌላ ጉዳይ ተፈልጎ ብርጭቆዎቻችን ፀሐይ ላይ ወጥተው ዋሉ፣ ሁለተኛው ዙር ትሎች አለቁ። ከጦርነቱ የተረፈችው አንዲት ማይክሮስኮፕም ሌንሷ ተጭሯል፤ ተማሪዎቹ ተሰልፈው የሚያዩት ጭጋግ ነው። ለስፖርት ማልያ የሚገኘው ገንዘብ ለአንድ ሌንስ የሚታጣበት ምክንያት አይገባኝም።

ለ2018 ዓ.ም. የምንጠይቀው ሁለት ደህና ማይክሮስኮፕ፣ የሚቆለፍ አንድ ቁም ሳጥንና ወደ ሐይቅ ለመሄድ የሚያስፈልገውን ትራንስፖርት ነው። የቀድሞ ተማሪዎቻችንና ወላጆች መርዳት የምትሹ፣ የልጆቹ ሥዕሎች በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋልና ሐሙስ ከሰዓት መጥታችሁ እዩ፤ ዝርዝሩንም ከክበቡ ጸሐፊ ታገኛላችሁ።