አዋጁ ሲም መሸጫው ሱቅ ጋ መቼ ይደርሳል?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ግል ዳታ ጥበቃ አዋጁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ሰርቨርና ስለ ሃከር ሆነብኝ። እኔ ለአንድ የሲም ካርድ አከፋፋይ ስሠራ ሥራዬ ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ ምዝገባ ማጣራት ነበር። የሰው መረጃ ሲዝረከረክ ያየሁት እዚያ፣ ባንኮኒው ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደንበኛው ሲም ሊያወጣ ይመጣና መታወቂያውን ይሰጣል። ኔትወርክ የለም ወይም የመመዝገቢያው አፕ ይንቀራፈፋል፣ ሰልፉ ደግሞ እየረዘመ ነው፣ ስለዚህ ሻጩ ልጅ መታወቂያውን በገዛ ስልኩ ከፊትም ከኋላም ፎቶ ያነሳና «በኋላ አስገባዋለሁ» ብሎ ለአለቃው በቴሌግራም ይልከዋል፤ አለቃው ለአከፋፋዩ ያስተላልፋል፣ ማታ ላይ ያ መታወቂያ የስንት ሰው ስልክ ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ልጁ ሥራ ሲለቅ ስልኩን ይዞ ይሄዳል። ክፉ ሆኖ አይደለም። ኮሚሽን የሚከፈለው በሸጠው ሲም ልክ ነው፤ ፎቶ ስላጠፋ የሚከፍለው ማን አለ?

አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህን ሁሉ ይመለከታል። መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ይዋል ይላል፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አይቀመጥ ይላል። መረጃው ሲሰረቅ ወይም ሲወጣ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቅ አለ። እሺ፣ የሱቁ ልጅ ስልክ ታክሲ ውስጥ ቢሰረቅ ሰዓቱ ከየት ይጀምራል? ዋናው መሥሪያ ቤት እዚያ ስልክ ውስጥ የደንበኞቹ መታወቂያ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ያላወቀውን ምን ብሎ ያሳውቃል? የሕግ ክፍሉ ፖሊሲ ጽፎ፣ ሠራተኛው ፈርሞ፣ ሥልጠናውም ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ሱቁ ግን የኩባንያው ሠራተኛ አይደለም፤ የወኪል ወኪል ነው።

መፍትሔው ያን ያህል ከባድ አይመስለኝም። አፑ ፎቶውን ራሱ ያንሳ፣ ስልኩ ጋለሪ ውስጥ አያስቀር፣ ኔትወርክ ከሌለም ቆልፎ ይያዘውና ከላከ በኋላ ያጥፋው። ከዚህም የሚሻል አለ። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ያለው ሰው ማንነቱ በአሻራ ከተረጋገጠ የመታወቂያው ፎቶ ጭራሽ ለምን ያስፈልጋል?

ትልቁ ኩባንያም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። የአውስትራሊያው የቴሌኮም ኩባንያ ኦፕተስ በ2022 እ.ኤ.አ. የ9 ሚሊዮን ከሚበልጥ ሰው መረጃ ወጥቶበታል፣ የብዙዎቹ የፓስፖርትና የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ጭምር። እኔን የገረመኝ ከተጎጂዎቹ መካከል ኩባንያውን ድሮ የተዉ ደንበኞች መኖራቸው ነው። የሌለ ደንበኛ መረጃ ከተጠራቀመ አንድ ቀን መውጣቱ አይቀርም።

ሌላው የቁጥር ነገር ነው። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ተመልሶ ለሌላ ሰው ይሸጣል። ቁጥር ውስን ስለሆነ እሱ ችግር የለበትም። ግን አዲሱ ባለቤት ሲሙን እንደከፈተ የማያውቀው ሰው የባንክ መልእክት ሲገባለት ምን ይባላል? እነ ቴሌብር በ2013 ከመጡ ወዲህ ስልክ ቁጥር ማለት የገንዘብ ቦርሳ ማለት ሆኗል። ማረጋገጫ ኮዱም የሚመጣው በዚያው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ባለቤት ሲቀይር ቴሌኮሙ ለባንኮች የሚያሳውቅበት መንገድ ቢኖር ግማሹ ጣጣ ይቀንስ ነበር። ባንኮችም ዝም ብለው የአሥር ዓመት ቁጥር ላይ መላካቸውን ቢተዉ።

«እስቲ የዚህን ቁጥር ባለቤት እይልኝ» የሚለውን ልማድማ ሁላችንም እናውቀዋለን። ዘመድ ይደውላል፣ ጓደኛ ይደውላል፣ እጮኛውን የጠረጠረ ይደውላል። ሲስተም የሚከፍት ሠራተኛ ላለው ድርጅት ሁሉ ፈተና ነው። የግንኙነት ምስጢር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቀ ነው፤ ግን ጠያቂው አክስት ስትሆን አንቀጹን ማን ያነሳል? ስለዚህ የሰው መዝገብ የሚከፍት ሠራተኛ በመጀመሪያ ምክንያቱን ይጻፍ፣ ማን መቼ እንደከፈተም ይመዝገብ። ዋናው ደግሞ ያን መዝገብ በየጊዜው የሚያነብ ሰው ይመደብ፤ እስከማውቀው መዝጋቢ ሞልቷል፣ አንባቢ ነው የሚጠፋው። ደንበኛውስ መረጃውን ማን እንዳየው መጠየቅ ቢፈልግ የት ሄዶ ነው የሚጠይቀው? አገልግሎት ማዕከል ሄዳችሁ ሞክሩት፣ «ሲም ጠፍቶብህ ነው?» ነው የሚሏችሁ።

ጋዜጣችሁ የኩባንያ ኃላፊዎችን ቃለ መጠይቅ ሲያደርግ ስለ ደንበኛ ብዛትና ስለ 5ጂ መጠየቁ መልካም ነው። በሚቀጥለው ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩልን፦ ወኪሎቻችሁ ስልክ ውስጥ የቀረ የመታወቂያ ፎቶ እንደሌለ በምን ታረጋግጣላችሁ? ባለሥልጣኑንም ሱቆች ድረስ ወርዶ አይቶ እንደሆነ ጠይቁልን። መልሱን እንዳለ አትሙት።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የሲም ምዝገባ ተቆጣጣሪ፣ ከአዲስ አበባ