ስለ ኩዌከር አዳሪ ትምህርት ቤቶች

ለአዘጋጁ፦

በአሜሪካ ስላሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ያወጣችሁት ጽሑፍ ያተኮረው በፈተና ውጤትና በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ላይ ነው። ኩዌከሮች የሚባሉትን የክርስትና እምነት ተከታዮች ትምህርት ቤቶች በዚህ ብቻ መመዘን አይበቃም።

ፔንሲልቬንያ ግዛት ያለውን ዌስትታውን የተባለ ትምህርት ቤታቸውን እንውሰድ። ከተከፈተበት ከ1799 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወንዶችንም ሴቶችንም ተቀብሏል፤ በአንድ ክፍል አብረው መማራቸው ግን በኋላ የመጣ ነው። ተማሪዎቹ በየሳምንቱ ለአምልኮ ይሰበሰባሉ። ሰባኪ የለም። ሁሉም ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ የሚናገረው ያለው፣ ተማሪም ይሁን መምህር፣ ተነሥቶ ይናገራል። ስልክ ከእጁ ለማይለይ ልጅ ይህ ከባድ ነው። ጥቅሙም እዚያው ላይ ነው፤ ተናግሮ ወዲያው ምላሽ ስለማያገኝ፣ አፉን ከመክፈቱ በፊት ማሰብን ይለምዳል።

ሥራም አለ። ተማሪዎች በተራ ሳህን ያጥባሉ፣ ያጸዳሉ። የሀብታም ልጅም ከተራው አይቀርም። ቤት ውስጥ ብርጭቆ አንሥቶ የማያውቅ ልጅ ያለው ወላጅ ይረዳኛል።

ክፍያው ግን አይቀመስም፤ ለአዳሪ በዓመት ከ60,000 ዶላር በላይ ነው። ተመላላሽ ተማሪ የሚከፍለው ከዚያ ያንሳል፤ አቅም ለሌለውም የገንዘብ ድጋፍ አለ። ብዙ ወላጆች ግን የመጀመሪያውን ቁጥር አይተው ይተዉታል።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ የአዳሪና የተመላላሽ ክፍያን ለየብቻ፣ ከድጋፍ ማመልከቻው ቀነ ገደብ ጋር በሰንጠረዥ አውጡልን። ለመጎብኘት የሚሄዱ ወላጆችም የአምልኮ ስብሰባ ያለበትን ቀን ቢመርጡ ይሻላል።

አንድ አንባቢ