አባዬ፣ «ቁልፍ መጫን» ላልከው

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው «ሰ»ን በፉጨት ነው የምትላት።

ኮምፒውተር ማስተማሬን «ቁልፍ መጫን ምኑ ትምህርት ነው?» ያልክበት መልእክትህ ተቆራርጦ ደረሰኝ። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። አንድ የስልክ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ይይዛል፤ በእኛ ፊደል 70 ብቻ። ካለፈ ይከፋፈላል። ፋይል ላይም እንዲሁ ነው፦ የላቲኑ «ኤ» 1 ባይት (የኮምፒውተር መረጃ መለኪያ) ሲበቃው የእኛ «አ» በተለመደው አጻጻፍ 3 ይፈልጋል። «አባዬ» 9 ባይት ነህ ማለት ነው። የማስተምረው እንዲህ ያለውን ነው።

አንተ ግን «ቁልፍ መጫን» አልከው። ቂምህ ትምህርቱን በክፍል ቴሌቪዥን ከሚያስተላልፈው ከፕላዝማው ጋር እንደሆነ አውቃለሁ። በ1997 ዓ.ም. ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሮጣል፣ ተማሪ እጁን ቢያወጣ አይቆምም፣ መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ጠፋ፤ መምህሩ ማብሪያ ማጥፊያ ሆኖ ቀረ። እውነትህን ነው። ግን ያ በቴክኖሎጂ ማስተማር ነበር። የእኔ ቴክኖሎጂን ማስተማር ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ አትርገምብኝ።

ኮምፒውተር ባይኖርም ይቻላል። ተማሪዎቹ የበርጩማ አሠራር በተራ ቁጥር ይጽፋሉ፤ ሌላው ቡድን የተጻፈውን ብቻ ይፈጽማል። ሁሌም የሚረሱት አንድ ነው፦ «ኮላው እስኪደርቅ ጠብቅ»። እግሩ ይወላልቃል። ፕሮግራምም የሚበላሸው በዚሁ ነው፤ ማሽን ያልተነገረውን አይገምትም። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው አናጺው አንተ ነህ።

ለ56 ተማሪ 7 ማሽን ካለ ግማሹ ወረቀት ላይ ይሠራል፣ 28ቱ አራት አራት ሆነው ይቀመጣሉ፦ አንዱ ኪቦርድ፣ አንዱ መመሪያ አንባቢ፣ አንዱ ስህተት ፈላጊ፣ አንዱ መዝጋቢ። በየ5 ደቂቃው ይቀያየራሉ፣ በ20ኛው ደቂቃ ግማሾቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሰዓት ካልተያዘ ኪቦርዱን አንድ ወንድ ልጅ ይዞት ይቀራል። መጀመሪያ ሴቶቹን የማስይዘው ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። «ሴት ልጅ መላጊያ አትይዝም» ያለው ማን ነበር?

የሞተ ኮምፒውተርም አይጣልም። ገመዱን ነቅሎ፣ የሳጥኑን ብረት ነክቶ፣ ሜሞሪውን (የማስታወሻ ሰሌዳውን) አውጥቶ ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ማሸት፣ ከዚያ ሁለቱ መያዣዎች ቀጭ እስኪሉ መልሶ መጫን፤ ብዙ ጊዜ ይነሣል። የኮምፒውተሩ ቀን ወደ ኋላ ከተመለሰ ሳንቲም የምታህለዋ የ3 ቮልት ባትሪ አልቃለች። ድረ ገጾች «የደኅንነት ስጋት» እያሉ አልከፈት ሲሉ ሁሉም ኔትወርኩን ያማል፤ ጥፋቱ ግን የቀኑ ነው። ፓወር ሰፕላይን፣ ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያቀርበውን ሳጥን፣ ግን ማንም አይክፈት፤ ገመዱ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ያቁራል። በመሮ ላይ ያልቀለድከውን ያህል እዚህ ላይ አልቀልድም። እጅ ያልነካው አይታወቅም ያልከኝን ይዤ ነው የምሠራው፤ አመሰግናለሁ።

እማዬ እንጨቱን በዓይንህ ሳይሆን በመዳሰስ እንደምትለካ ነገረችኝ። የዓይን ሞራው ቀጠሮ ሁለት ጊዜ አልፎሃል። ሦስተኛው እንዳያልፍ ራሴ መጥቼ እወስድሃለሁ፤ ቅዳሜ ማታ እደርሳለሁ። እስከዚያ የኤሌክትሪክ መጋዙን ሶኬት ንቀልና የወርክሾፑን ቁልፍ ለእማዬ ስጣት።

ልጅህ