ዝርያ ሲመረጥ ጣዕሙም ይመዘን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ስለ ተሻሻሉ የቡና ዝርያዎች በየጊዜው በምታወጧቸው ዘገባዎች በሽታን መቋቋምና ምርታማነት በሰፊው ሲነገሩ ጣዕም ግን በአብዛኛው ሳይነሳ ያልፋል። እኔ ጎንደር ውስጥ ቡና ሸጬ የማድር ነጋዴ ነኝ፤ ደንበኞቼ ጥሬውን ዘግነው ሳያሸቱና የየት አገር ቡና እንደሆነ ሳይጠይቁ አይገዙም። ከምርታችን ግማሽ ያህሉ የሚጠጣው እዚሁ አገር ውስጥ በመሆኑ ጉዳዩ የገበሬውና የላኪው ብቻ አይደለም።

የበሽታውን ክብደት አላቃልልም። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 አገራችን ሲገባ ገና ያልበሰለውን ፍሬ እያጠቆረ አበሰበሰው። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ግን በደቡብ ምዕራብ ተዘዋውረው፣ በታመሙ ዛፎች መካከል ጤነኛ ሆነው የተገኙትን እናት ዛፎች በመምረጥ፣ 74110 እና 74112 በሚባሉ ቁጥሮች የሚታወቁትን ዝርያዎች ለገበሬው አደረሱ፤ ለዚህ ሥራቸው ታላቅ አክብሮት አለኝ።

ሌሎች አገሮች በሽታ መቋቋሚያውን የተዋሱት በአብዛኛው አረቢካ (የእኛው ዓይነት ቡና) እና ሮቡስታ (በጣዕሙ ዝቅ ተደርጎ የሚታይ ሌላ የቡና ዓይነት) በተፈጥሮ ተዳቅለው ካስገኙት የቲሞር ቡና ነው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1985 የለቀቀችው ሩይሩ 11 የተባለ ዝርያ በጣዕሙ ቅሬታ ስለቀረበበት፣ ከነባሮቹ የኬንያ ዝርያዎች ከኤስኤል28 እና ከኤስኤል34 ጋር በተደጋጋሚ ተዳቅሎ የተገኘው ባቲያን የተባለ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2010 ተከተለ። የእኛ መቋቋሚያ ግን በራሱ በአረቢካ ውስጥ፣ በጫካችን ያለ ነው፤ ስለዚህ ጤናን ለማግኘት ጣዕምን መስዋዕት ማድረግ ግዴታችን አይደለም። ችግሩ የሚመጣው በአንድ አካባቢ የተመረጠ ዝርያ የራሱ የታወቀ ቃና ባለው በሌላ አካባቢ ሲስፋፋ ነው። ማዕከሉም ይህን ተረድቶ ለሐረር በመቻራ፣ ለወለጋ በሐሩ፣ ለሲዳማና ለይርጋጨፌ በአዋዳ የምርምር ጣቢያዎች ከየአካባቢው ነባር ቡና መምረጡ ትክክለኛ መንገድ ነው፤ ቡና ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ስለሚወስድ ሥራው ትዕግሥትና በጀት ይፈልጋል።

ስለዚህ ችግኝ ሲከፋፈል የቅምሻ ውጤቱ ገበሬው በሚገባው ቋንቋ አብሮ ይሰጠው። ቅምሻውም ለውጭ ገዢ በሚመች ለስላሳ አቆላል ብቻ ሳይወሰን፣ በምጣድ ጠቆር ተደርጎ ተቆልቶ፣ በሙቀጫ ተወቅጦና በጀበና ፈልቶ ይካሄድ፤ አቦሉንም በረካውንም ለይተው የሚያውቁ እናቶች፣ ከጎንደርም ጭምር፣ ከቀማሾቹ ጋር ይቀመጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቡና ነጋዴ፣ ከጎንደር