ፎቶግራፉን አትውሰዱ፤ ቅጂውን ውሰዱ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ቅርስ ስትጽፉ ዓይናችሁ ሐውልትና ገዳም ላይ ያርፋል። አልቃወምም። የጋምቤላ ታሪክ ግን ያለው በየቤቱ ሣጥን ውስጥ፣ ምስጥና እርጥበት በሚፈራረቁበት አልበም ነው።

አባቴ የቡና መጋዘን ጸሐፊ ነበር። ፎቶግራፍ፣ የጭነት ደረሰኝ፣ ከአዲስ ዘመን የተቆረጠ ዜና፣ ያገኘውን ሁሉ በአንድ ትልቅ የሒሳብ መዝገብ ላይ በዱቄት ሙጫ ይለጥፍ ነበር። አንዱ ገጽ ላይ ከካርቱም የመጣ መርከብ ባሮ ዳር ቆሟል፤ ከጎሬ በኩል በበቅሎ የወረደ ቡና በጆንያ ተከምሯል። መርከቡ የሚመጣው ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ስለነበር ወሩን ከውኃው ልክ መገመት ይቻላል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ውል ለእንግሊዞች ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ በባሮ ዳር ፈቀዱ። ቦታው ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ተመልሷል። ካሜራ የያዙት በአብዛኛው እንግዶች ስለነበሩ ፎቶግራፉም አብሯቸው ሄደ። እንግሊዛዊው የሕዝቦች ባህል አጥኚ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ያነሳቸው የአኙዋና የኑዌር ሰዎች ፎቶግራፎች ዛሬ ያሉት እንግሊዝ አገር፣ ኦክስፎርድ በሚገኘው ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ነው። በእንግዶቹ አልበም ሹሙ ከነማዕረጉ ሲጻፍ ጆንያ ያነሳው ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ተሸካሚ» ተብሎ ይታለፋል። በአባቴ መዝገብ ላይ ግን ተሸካሚዎቹም ስም አላቸው፤ አንዱማ ከነዕዳው ተጽፏል!

ከዓመታት በፊት ከአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው ለኤግዚቢሽን ብለው ከመዝገቡ ላይ ፎቶግራፎች ልጠው ወሰዱ። ደብዳቤም ማኅተምም ነበራቸው። ፎቶግራፎቹ አልተመለሱም፤ የጎረቤቶቼም እንዲሁ። አሁን «ለሙዚየም ስጡ» ሲባል ሽማግሌዎቹ ሣጥናቸውን የሚቆልፉት ለቅርስ ደንታ ስለሌላቸው አይደለም።

ስለዚህ የሚመለከታቸው ሁሉ አሠራራቸውን ይለውጡ። ወደ ሰው ቤት ይምጡ፤ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ በጥሩ ስልክም ቢሆን ያንሱና መዝገቡን ለባለቤቱ ትተው ይሂዱ። ከገጹ ላይ ምንም አይላጡ፤ ቀኑን የሚነግረን ብዙ ጊዜ አጠገቡ የተለጠፈው ደረሰኝ ነው። ሽማግሌው በአኙዋኛም ይናገር በኑዌርኛ፣ በፎቶግራፉ ላይ ያለው ማን እንደሆነ ሲናገር ድምፁ ይቀዳ። እኔ ካስተማርኳቸው ልጆች መካከል ይህን በነጻ የሚሠሩ ሞልተዋል።

ጋዜጣችሁም በየሳምንቱ አንድ የድሮ ፎቶግራፍ አትሞ «ይህን ሰው የሚያውቅ አለ?» ብሎ አንባቢን ቢጠይቅ ጥሩ ነው። የመጀመሪያውን እኔ እልካለሁ፤ ቅጂውን ማለቴ ነው።

ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህርት፣ ከጋምቤላ